አንድ ሰው እንኳ ከጠየቀ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
በቆሎ የሚያጭደው ማሽን ዛሬም መንገዱን ዘግቶ ከኋላው ስንፏቀቅ አረፈድን። የቤከር ትንሿ ልጅ የምነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ አስታወከች። ወንዶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ጮኹ። ጥግ ይዤ አቁሜ ጠረግኩ። ጡረታ እስክወጣ የሰው ልጅ ቁርስ እየጠረግኩ ልኖር ነው...

ቤት ስገባ ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ጠበቀኝ። የእንስሳት ኮሚቴው ነው፣ በእንስሳ ለሚደረግ ምርምርና ልምምድ ፈቃድ የሚሰጠው። ኮሚቴው ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ የሆነ አንድ የከተማ ሰው መኖር አለበት። በጸደይ ዶክተር ሃልቮርሰን ሲጠይቀኝ እሺ አልኩ። እምቢ እንዴት ይባላል? ባሌን ዴልን እስኪሞት ድረስ ያከመው እሱ ነው። "ቀላል ሥራ ነው ዶሪን፣ ኩኪስ በልተሽ እጅሽን ማውጣት ነው" ብሎኝ ነበር።

አሁን የመጣው ስለ አሳማዎቹ ነው። የድንገተኛ ሕክምና ተማሪዎች በሕይወት ባሉ አሳማዎች ይለማመዳሉ። አደንዝዘው ደረታቸውን ይቀድዳሉ፣ ቱቦ ያስገባሉ፣ ሲጨርሱ ይገድሏቸዋል። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል። እስከ ዓርብ ከኮሚቴው አንድ ሰው እንኳ "ተሰብስበን እንየው" ካለ ስብሰባ ይጠራል። ማንም ካልጠየቀ በሊቀመንበሩ ፊርማ ያልፋል። ሊቀመንበሩ ራሱ ሃልቮርሰን ነው።

እኔ ምን አገባኝ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7
አገባኝ እንጂ። አሳማዎቹን የሚቀልበው ልጄ ዌስ አይደል? በኦገስት ኮሚቴው በረቱን ሲጎበኝ ያስጎበኘን እሱ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ሁሉም እየተሯሯጡ መጡ። አንዷ አፍንጫዋን ጫማዬ ላይ አድርጋ ማሸት ጀመረች። "ወደደችሽ" አለ ሃልቮርሰን። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ደወለች። ማርሴላ ኦርቲዝ ትባላለች፣ ከቺካጎ። ራሷም ሐኪም ናት። ሆስፒታሉንም ኮሌጁንም እየዞረች በእንስሳ መለማመድ እንዲተዉ ታግባባለች። ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር።

"ወይዘሮ ብራንት፣ እኛ አንጮኽም። የሰው አካል የሚመስል አሻንጉሊት አለን፣ ቆዳ አለው፣ ይደማል። በነፃ እናውሳችሁ ብለን ደጋግመን ጽፈናል። መልስ የለም።"

"እኔ እኮ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ግን ስብሰባ ይጠራ ማለት ይችላሉ። ከተጠራ መጥቼ አሳያቸዋለሁ።"

አመስግኜ ዘጋሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8
ዌስ የጣሪያውን አሸንዳ ሊጠግንልኝ መጣ። መሰላሉ ላይ እንዳለ ጠየቅኩት... ሞኝ ነኝ፣ መሰላል ላይ ያለ ሰው እንዲህ ይጠየቃል?

"አሳማዎቹ ቢቀሩስ ዌስ?"

"ምን ማለት ነው ቢቀሩስ?"

"ተማሪዎቹ በሌላ ነገር ቢለማመዱ።"

ወረደ። ፊቱ የአባቱን ፊት መሰለ፣ ዴል ሲቆጣ እንዲህ ነበር።

"እማ፣ አሳማ ከሌለ በረት የለም። በረት ከሌለ እኔ የለሁም። ቴስ በፌብሩዋሪ ልትወልድ ነው። የሕክምናዋን የሚከፍለው የሥራዬ ኢንሹራንስ ነው። በማን ትውለድ? ባንቺ?"

"ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት።"

"እንግዲያው ዝም በይ።"

መሰላሉን ሳያጥፍ ሄደ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
አልበላሁም። ቀይ መብራት አልፌ ሄድኩ፣ ልጆች ጭኜ! እግዚአብሔር አተረፈኝ። ምንድን ነው የምፈራው? ዌስን። ሃልቮርሰንን። የቤተ ክርስቲያን ሴቶችን። ሁሉንም። ዝም ብል ደግሞ ያቺን አሳማ እፈራለሁ። አሳማ መፍራት ምን ይባላል?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10
ላክሁት።

ጋራዡ ውስጥ፣ አውቶቡሱን አቁሜ፣ መሪው ላይ ተደግፌ። "እባካችሁ ተሰብስበን እንየው። ዶክተር ኦርቲዝም መጥታ ታሳየን። ዶሪን ብራንት።" ይኸው ነው። ከላክሁት በኋላ መልሼ ልጠራው ፈለግኩ፤ ኢሜይል ግን አይጠራም።

ሃልቮርሰን ወዲያው ደወለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ዶሪን፣ ማን አስፈራርቶሽ ነው?"

"ማንም ዶክተር። ልየው ብዬ ነው።"

"የዌስን ነገር አስበሻል?"

"አስቤያለሁ።"

"እሺ። መብትሽ ነው" አለና ዘጋው። የዌስን ነገር ያነሳው አዝኖልኝ ነው ወይስ ሊያስፈራራኝ? እየተገላበጥኩ አስበዋለሁ፣ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22
ወሬው ከተማውን ሞልቶታል። መካኒካችን ጋስ ገና ከበሩ ስገባ፣ "የአሳማዎቹ ጠበቃ መጣች! ደንበኞችሽ የአሳማ ጥብስ ልከውልሻል?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ሳቄን ፈልጌ አጣሁት። ዌስ ስልኬን አያነሳም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ስብሰባው ዛሬ ነበር።

ማርሴላ አሻንጉሊቱን በትልቅ ሻንጣ እየጎተተች ገባች። ያሰብኳትን አይደለችም፣ አጭር ናት፣ ጉንፋን ይዟታል። አሻንጉሊቱን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ አንዱ ቧንቧ አፈሰሰና ምንጣፉ በቀይ ውኃ ራሰ። ሃልቮርሰን ጣሪያ ጣሪያውን አየ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

"ጥያቄ ያለው?" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፣ የጠራኋቸው እኔ ነኝና። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋኝ። "ፈርቻለሁ" አልኩ። "ልጄ እዚያ ነው የሚሠራው። ግን ሌላ መንገድ ካለ መግደላችንን ልናቆም ይገባል።" ከዚያ በላይ አልወጣልኝም፣ ተቀመጥኩ።

ያኔ ዶክተር ክሬመር ተነሳ። ሽማግሌው ቀዶ ሐኪም፣ በስብሰባ ሁሉ የሚያንቀላፋው። ጃኬቱን አወለቀ። ቢላዋውን ከማርሴላ ተቀብሎ የአሻንጉሊቱን ደረት ቀደደና ቱቦውን አስገባ። አንዴ ደገመው። "ለኔ ይበቃል" አለ። "እውነቱን ልንገራችሁ? አሳማዎቹን መግደል ካስጠላኝ ቆይቷል። ማን ይጀምር ብዬ ነው።"

አሳማው ይቅር የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። የክሬመር ወጣ፣ የኔ ወጣ፣ ሌሎችም ቀስ ቀስ እያሉ አወጡ። በአንድ ድምፅ አለፈ። ከጃንዋሪ ጀምሮ አሳማ የለም።

ማርሴላ አቀፈችኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር... መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14
በረቱ ሊዘጋ ነው። ለቀሩት አሳማዎች ማርሴላ የማይታረዱበት እርሻ አግኝታላቸዋለች፣ ዊስኮንሲን ውስጥ። የዌስ ሥራ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። የነገረችኝ ሚስቱ ቴስ ናት። "አትደውዪለት፣ ትንሽ ተዪው" አለችኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27
የምስጋና ቀን። የበዓሉን የቱርክ ዶሮ አልጠበስኩም። ለማን? ሾርባ አሙቄ ጠጣሁ። ዌስና ቴስ አልመጡም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2
ዌስ ሥራ ይዟል። የት? ወንዙ ማዶ ያለው የአሳማ ማረጃ። ከጭነት መኪና የሚወርዱትን አሳማዎች የሚቀበል እሱ ነው፤ አሳማ ያውቃል ብለው። እኔ በዓመት ከመሞት ያስቀረሁትን ያህል አሳማ እሱ ከቁርስ በፊት ለእርድ ያሳልፋል። ምን አደረግኩ? ልጄን የት አገባሁት?

እሑድ፣ ዲሴምበር 14
ዌስ መጣ። ሳይደውል። ካፖርቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠ። ከስቷል። የምሠራውን አጥቼ እንቁላል ጠበስኩለት። አልነካውም።

"መራመድ የሚያቅታቸው አሉ" አለ። "መኪናው ውስጥ እግራቸው የሚሰበር። በኤሌክትሪክ ዘንግ ፊታቸው ላይ ይወጓቸዋል። ካልተነሱ በሰንሰለት ይጎትቷቸዋል። ተዉ ብዬ ጮኽኩ፣ አለቃው 'አዲሱ ልጅ ሆደ ቡቡ ነው' ብሎ ሳቀብኝ።"

"ዌስ..."

"እንደዚያ መሆን የለበትም እማ። ሌሎች ማረጃዎች እንደዚያ አያደርጉም፣ የነገሩኝ ሾፌሮቹ ናቸው። የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶ ነው።" ቀና ብሎ አየኝ። "ያቺ የቺካጎዋ ሴትዮ ስልኳ አለሽ?"

እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም። ከስብሰባውም፣ ከሃልቮርሰንም ይብሳል። ቢያባርሩትስ? ቢደበድቡትስ? ልጁ ሊወለድ ነው። "ጠፍቶብኛል" ልል ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደረሰ። ዝም በል ልለው። እሱ ያኔ ዝም በይ እንዳለኝ።

እየጠበቀኝ ነበር።

ስልኬን አወጣሁ። መነጽሬ ጉም ሆነብኝ፣ ጠረግኩት። ቁጥሩን ማንበብ ጀመርኩ። መሐል ላይ ቆምኩ።

"ቀጥዪ እማ" አለኝ።

ቀጠልኩ።