ስሱ ግድግዳ

ውድ አጥንቱ፣

ተማሪዎችህ ባወጡልህ ስም ስጠራህ እንደማትቆጣ አውቃለሁ፤ አንተም ራስህ በፈተና ወረቀት ላይ ፈርመህበት ታውቃለህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ኖሬ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ፍርሃት አስገድዶኝ ነው። ድፍረት መስሎህ እንዳታከብረኝ ይህን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል።

ከቀኝ ዓይኔ በስተጀርባ እባጭ በቅሏል። ዓይኔን ወደ ፊት እየገፋው ስለሆነ፣ መስተዋት ፊት ስቆም አንድ በግማሽ ፊቱ የተቆጣ ሰው ያፈጥብኛል። ግራው ከተለያየን በኋላ በግላኮማ ጠፍቷል። ስለዚህ ከነገ ወዲያ ጠዋት ሐኪሟ ቢላዋዋን የምታሳርፈው በቀረኝ በአንዱ በኩል ነው።

ሌላ በሽተኛ ባለማወቁ ይጽናናል። እኔ ግን የአናቶሚ መማሪያ መጽሐፍህን በአርታኢነት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሰባት አጥንቶች ተጋጥመው የሠሩትን ያን ጠባብ ጉድጓድ፣ ዓይንን እንደ ትራስ የደገፈውን ስብ፣ የሚያዞሩትን ስድስት ጡንቻዎች፣ ከኋላ በትንሿ ቀዳዳ ወደ አንጎል የሚያልፈውን የእይታ ነርቭ፣ ሁሉንም በአንተ ድምፅ እሰማቸዋለሁ። «በአፍንጫ በኩል ያለው ግድግዳ ከወረቀት ብዙ አይወፍርም» ብለህ የጻፍኸውን ያኔ ስለ አገላለጹ ወደድሁልህ። ዛሬ ጣቴን ወደዚያ አስጠግቼ ሳልነካው እመልሰዋለሁ።

ትናንት ሐኪሟ ጠረጴዛዋ ላይ የራስ ቅል አስቀምጣ፣ «አባባ፣ የምገባው በዚህ በኩል ነው» ብላ ወደ ጆሮ ያለውን ጠርዝ ነካች።

«ወፍራሙ ግድግዳ እሱ ነው?» አልኋት።

«አዎ፣ ምነው?»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ልጄ በኀፍረት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «አባዬ! ጭራሽ እሷንም ልታርማት ነው?»

ሐኪሟ ሳቀች። «ይጠይቁ እንጂ! እኔ የተማርኩበት መጽሐፍ ራሱ ተሳስቶ ነበር እኮ። ስሱን ወፍራም ይለዋል። ደግነቱ ደራሲው ቁጭ ብለው በእጃቸው አርመውታል።»



አጥንቱ፣ ያ ስሕተት የአንተ አልነበረም።

በእኛ ሙያ፣ በገጽ ላይ ያለ ፊት ወደ ጽሑፉ መመልከት አለበት፤ ወደ ውጭ ካየ አንባቢውን ትቶ የሚሄድ ይመስላል። አንተ የሣልኸው ፊት ወደ ውጭ ያይ ነበር። ሳልነግርህ አስገለበጥሁት። የአጥንቶቹ ስም የተጻፈው ሥዕሉ ላይ በሚደረብ ሌላ ወረቀት ስለነበር፣ ሥዕሉ ሲገለበጥ ቃላቱ በየቦታቸው ቀሩ፤ «ስስ» ያልኸው ወፍራሙ ላይ፣ «ወፍራም» ያልኸው ስሱ ላይ አረፈ። እኔም ገጹ ማማሩን እያደነቅሁ «ይታተም» ብዬ ፈረምሁበት።

አንዲት ምላሰኛ ተማሪህ የራስ ቅሉን ወደ ላይ አንሥታ፣ «መምህር፣ የሚዋሸው ሟቹ ነው ወይስ መጽሐፉ?» ያለችህ ዕለት፣ ክፍሉ ሲስቅ አብረህ ሳቅህ። ከዚያ ቀጥታ ቢሮዬ መጥተህ ዋናውን ሥዕል ጠየቅኸኝ። «ጠፍቷል» አልሁህ። ከተቀመጥህበት ወንበር አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

«እንግዲያው የከዳኝ እጄ ነው» አልህ።

በመጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጠን ሁለት መቶ አርባ ቅጂ በቀይ እስክሪብቶ አረምን። ጉልበቴን ሳሽ አይተህ፣ «በእኔ ጦስ አንተንም አሰቃየሁህ፤ ይቅር በለኝ» አልኸኝ።

እኔም ይቅር አልሁህ።

ከዚያ ወዲህ ሥዕል አልሣልህም፤ ሁለተኛው ቅጽም ሳይጻፍ ቀረ። መራቄን በሥራ ብዛት ሳሳብብልህ አምነህ ተቀበልኸኝ። ፊትህን ማየት አቅቶኝ ነበር።

ትናንት ለሐኪሟ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋት። ሳቋ ቆመ። «ለሳቸውስ ነግረዋቸዋል?» አለችኝ። ቤት ገብቼ ሥዕሉን ፈልጌ አወጣሁ።

ዋናው ሥዕል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ለሕክምና ትምህርት ቤቱም ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌያለሁ፤ ፈርቼ እንዳልመልሰው ልጄ ዛሬ ጠዋት ወስዳ ፖስታ ቤት አስገብታዋለች።

መታወርን እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። ይበልጥ የምፈራው ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ አብሮኝ የሚቀረው መልክ፣ ወለል ላይ ተቀምጠህ ይቅርታ ስትለምነኝ የነበረው ፊትህ እንዳይሆን ነው።

ብትቆጣ ቁጣህን ጽፈህ አትላክልኝ፤ ላነብበው መቻሌን አላውቅም። ከቻልህ ና። ከመጣህም በሩ ላይ ዝም ብለህ አትቁምብኝ፤ ስድብም ቢሆን ተናገር። ማን እንደ መጣ ላላይ እችላለሁ።

ሥዕልህን የገለበጠው፣
አርታኢህ