አማቴን ያስታመምኩበት ሳምንት

ሰኞ
ዛሬም ሲጣሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። አማቴ ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ካዛንቺስ የነበረውን የሆቴል ሥራዬን ትቼ እሳቸውን ነው የማስታምመው። ጠዋት ወንጌል አንብቤ ነበር፤ ሰው ሳያይ ስለሚደረግ ጽድቅ። እንባዬ ሁሉ መጥቶ ነበር። ከዚያ ተነስቼ የቀዘቀዘ ሾርባ ሰጠኋቸው። ፅንስ ሲወርድብኝ ለዘመድ “ችግሩ ዘሩ ሳይሆን መሬቱ ነው” ያሉት እኚሁ ሴትዮ ናቸው። ጆሮዬ አይረሳም።

ማክሰኞ
የባቡሩ ቁፋሮ ሰፈራችንን ላንቻን አቧራ አደረጋት። አንሶላ አጠብኩ። ደግሜ አጠብኩ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከበር ቆመው “አንቺ እኮ ጻድቅ ነሽ” አሉኝ። ባለቤቴ ግርማም “እውነታቸውን ነው” አለ። ፊቴ ጋለ። እሱ ሥራ ሲሄድ እናቱን እንዴት እንደማመናጭቃቸው ማን አየ?

ረቡዕ
ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። “አባ፣ ባነበብኩ ቁጥር እየባሰብኝ ነው። ያው ነኝ።”
“ማንበብሽን አትተዪ፣ ልጄ።”
“እስከ መቼ?”
መስቀላቸውን አሳለሙኝ። በእግሬ ተመለስኩ።

ሐሙስ
ሳገላብጣቸው ክንዳቸውን በኃይል ሳብኩት። አውቄ ነው። ጮኹ። ግርማ ሲገባ የበለዘውን አየና “እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?” አላቸው። እሳቸው እኔን እያዩ፣ በተኮላተፈ አፍ፣ “የአልጋው ብረት መታኝ” አሉ።

ዓርብ
መጽሐፉን አልከፈትኩም። ለምን ሸፈኑልኝ? ደግነት አይደለም። ፈርተውኝ ነው፤ እኔ ከሄድኩ ማን ያነሳቸዋል? ስንት ዘመን ስፈራቸው የኖርኳቸው ሴትዮ ፈሩኝ። ይሄን ስመኝ ነበር። ደረሰ፣ ጣዕም የለውም።
ማታ ለግርማ ነገርኩት። “ብረቱ አይደለም። እኔ ነኝ።”
ያወለቀውን ጫማ መልሶ አሰረ። ከዚያ “ነገ አልማዝ መጥታ እናቷን ትውሰድ” አለ። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር፣ ግርማ።

ቅዳሜ
እህቱ አልማዝ ከቡልጋሪያ ሰፈር ኮንትራት ታክሲ ይዛ መጣች። ሰላምታዬን አልመለሰችም። ቀሚሳቸውን ሳለብሳቸው ሁለታችን ብቻ ነበርን።
“ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።”
“ጤነኛ ብሆን… እኔም አልምርሽም ነበር” አሉ።
ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም የሳቁ መሰለኝ፤ ወይ አፋቸው ተጣሞ ይሆናል። ይቅር ብያለሁ ግን አላሉም። አልማዝና ግርማ ተሸክመው ታክሲው ውስጥ አስገቧቸው፤ አልማዝ ይዛቸው ሄደች።
ቤቱ ጭር ብሏል። ግርማ ሌላኛው ክፍል ነው። ወንጌሉን ከፍቼ አንዱ መስመር ላይ ቀረሁ፤ ዓይኔ ያነባል፣ ልቤ የለም። ያ ሁሉ ንባብ ምን ሠራብኝ? ምንም። የሸሸግኩትን ከማውጣት በቀር ምንም።
ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቡልጋሪያ ሄጄ ገላቸውን ልጠባቸው ብል፣ አልማዝ በር ትከፍትልኝ ይሆን?