ልጄን ያለ እኔ ላዞሩልኝ ሥራ አስኪያጅ

ደሴ ለሚገኘው የልጆች መዝናኛ ማዕከል
ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆኑም ግድ የለም፤ እኛ ወሎዬዎች ሰላምታን እንደ ሥጋ ቅርጫ ለይተን አናካፍልም። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ እነዚያ ቀለም የተቀቡ ፈረሶችዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ የድምፅ ማጉያዎ ደህና ሰነበተልዎ? አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ይህን ደብዳቤ አንብበው ለመጨረስ ያስፈልግዎታልና። እኛ ጉልበቴ ትንሽ ከማበጡ በቀር አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነን።

ምናልባት በስም አያውቁኝ ይሆናል፤ በመልክ ግን እንደሚያውቁኝ እርግጠኛ ነኝ። ሀጀራ ሙሐመድአሚን እባላለሁ፤ የመካነ ሰላም ነዋሪ ነኝ። ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ኖሬ ከተመለስኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ስሄድ ጡት እንዳስጣልኳት የተውኳት ልጄ ጠይባ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያሳደገቻት እናቴ ናት። ጠይባ በሰፈራችን ፈሪ በመባል የታወቀች ልጅ ናት። እንግዳ ሲመጣ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ትገባለች፤ እኔ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ዋናዋ እንግዳ እኔ ሆኜ ቆይቻለሁ። ስቀርባት ትሸሻለች፤ ከቤት ስወጣ ግን እስክመለስ በር በሩን ታያለች። ያኔ እኔ ሳልኖር፣ ጠይባ እናቴ የት ናት ባለች ቁጥር ሰዉ ሁሉ ከደግነቱ የተነሳ ነገ ትመጣለች ሲላት ስለኖረ፣ ልጄ ነገ የሚባል ነገር አታምንም። ስለዚህ ከተመለስኩ ጀምሮ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን አንዲት ቃል እንኳ ለዚች ልጅ ላልናገር ምያለሁ። ይህቺን ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ እርስዎና እኔ የተጋጨነው እዚህ ላይ ነው።

ጅዳ ሳለሁ የአሠሪዎቼን ልጆች የእርስዎን ወደመሰለ ቦታ እየወሰድኩ፣ እነሱ ሰማይ ላይ ሲገለባበጡ እኔ ጫማቸውንና ግማሽ የተበላ አይስክሬማቸውን ይዤ ከታች አንጋጥጬ እቆም ነበር። አይስክሬሙ እጄ ላይ እየቀለጠ፣ የእኔዋንም አንድ ቀን እላለሁ። እናም ባለፈው የዒድ ሰሞን መናኸሪያችን ግድግዳ ላይ «እኛ ጋ የሚያለቅስ ልጅ የለም» የሚለውን ያማረ ማስታወቂያዎን ሳይ ልቤ ዘለለ። ልጅ የማያለቅስበት አገር እዚሁ አፍንጫችን ሥር ደሴ መኖሩን ሳላውቅ ባሕር ተሻግሬ መንከራተቴ ቆጨኝ። ለእርስዎ ይህ የአንድ ቀን መዝናኛ ነበር፤ ለእኔ ግን ልጄ እጄን የምትይዝበት ቀን ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ስልክ መስተንግዶዎ። ማስታወቂያው ላይ ባለው ቁጥር ደውዬ ያገኘኋት ሠራተኛዎ አንደበቷ ማር ነው፤ አፏን ይባርከው። ልጄ ድንጉጥ መሆኗን አስረድቼ፣ ድምፁ ይጮኻል ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ ኧረ ምንም አይጮህም አለችኝ። ከመሳፈሯ በፊት ቆማ ማየት ትችላለች ወይ ስላት፣ እስክትጠግብ አለችኝ። ዋናውን ጥያቄ ለመጨረሻ አስቀምጬ፣ እኔም አብሬያት መሳፈር እችላለሁ ወይ ስላት ደግሞ፣ እንዴታ የእኔ እናት፣ ቤታችሁ እኮ ነው ብላ አረጋጋችኝ። ደጋግሜ ብጠይቃት ደጋግማ አረጋጋችኝ። ዛሬ ሳስበው ያቺ ልጅ ጠያቂው ሊሰማ የፈለገውን ከድምፁ ለይታ የምታውቅ ባለ ተሰጥኦ ናት፤ ደመወዝ ሊጨምሩላት ይገባል።

ሁለተኛው እንኳ በቀጥታ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ማስታወቂያዎ ላይ ጉዞውን ለጎረቤት እንዳትናገሩ የሚል ማሳሰቢያ ባለመኖሩ ተጎድተናል። እናቴ ወሬውን በለቀቀች ማግስት ሰፈሩ ተጠራርቶ ቤታችንን ሞላው። ሼህ አብዱራህማን፣ የሰፈራችን አባት ናቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው ከመገልበጥ ይጠብቃችሁ፣ ከገደሉ ይሰውራችሁ፣ ከሰው ዓይን ይጋርዳችሁ፣ ለአገራችሁ መሬት ያብቃችሁ እያሉ ዱዓ ሲያደርጉ ቤቱ በአሚን ተናወጠ። ጎረቤታችን እትዬ ብርሀንነሽ በበኩላቸው፣ እነዚህ ልጆች በሰላም ከተመለሱ ለማርያም ጧፍ አለብኝ ብለው ተሳሉ። አክስቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ምን ሆነሽ ነው የሁለት ቀን መንገድ እኮ ነው ብላት፣ እኔ እንጃ ልጄ፣ ሻንጣ ሳይ ይመጣብኛል አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ በእኛ አገር ሻንጣ ተዘጋጅቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ አክስት አልቅሳ የሚሸኝ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ዐረብ አገር ነው። ሰዉ ልጅቷ የሚዞረውን የፈረስ ማሽን ፈራች እያለ አብሽሪ፣ አይዞሽ ሲላት ሰነበተ፤ የአጎቷን በቅሎ ብቻዋን ወጥታ የምትጋልብ ልጅ የፕላስቲክ ፈረስ እንደማትፈራ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። የጉዞው ማለዳ ጫማዬ ጠፋ። ቤቱ ሲታመስ ቆይቶ ከዱቄት ዕቃ ውስጥ ወጣ። ማን እንደደበቀው ሁላችንም አውቀን ሳቅን። መኪናችን ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ሲደርስ ጠይባ ከብርዱ የተነሳ ጉያዬ ውስጥ ገብታ፣ ፈረሱን ካየን በኋላ አንቺ የት ትሄጃለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ፈረስዎን አልነበረም የፈራችው፤ እዚያ ትቻት እንዳልሄድ ነው። እኔም ያቺን ባለማር አንደበት ሠራተኛዎን አምኜ፣ አብረን ፈረሱ ላይ እንወጣለን፣ አብረን እንወርዳለን፣ አብረን ቤታችን እንገባለን አልኳት። ዓመት ሙሉ እንደ ዘር እህል ስቆጥበው የኖርኩትን ቃል በእርስዎ ስልክ ላይ ዘራሁት።

ሦስተኛ፤ ስለ አቀባበልዎ። በርዎ ላይ የተከሉት የድምፅ ማጉያ ጦሳ ተራራ ላይ የቆመውን ሰው ሳይቀር በነፃ ያዝናናል። ጠይባ ሁለት ጆሮዎቿን ይዛ ስትቆም ጥበቃዎ፣ ፈታ በይ እንጂ ሚጢጢ ብሎ ጉንጯን ቆነጠጣት፤ ተቆንጥጦ የማይፈታ ማን አለ? ከፊታችን የነበረ አንድ ሕፃን ማልቀስ ሲጀምር ደግሞ፣ ሌሎቹን ያስደነግጣል፣ ዝም እስኪል ውጪ ይዛችሁት ቆዩ ተብለው እናትና ልጅ በክብር ወጡ። ስለዚህ ማስታወቂያዎን ውሸት ነው የሚል ከተነሳ እኔ ምስክር ነኝ፤ ማዕከልዎ ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ የለም። በሩ ላይ ነው ያሉት።

አራተኛው ላይ ስደርስ የአክብሮት ቃል ቢጎድልብኝ ይታገሡኝ። ሁለት ትኬት ገዛሁ፤ ሠራተኛዎ ሁለቱንም በደስታ ቀደደልኝ። ወደሚሽከረከሩት ፈረሶች መወጣጫ ስንደርስ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ አዋቂ መሳፈር በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል። እኔ ሰሌዳውን አንብቤ ሳልጨርስ ሠራተኛዎ ልጄን ከእጄ ነጥቆ ነጩ ፈረስ ላይ አስቀመጣት፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ቁልፉን ተጫነ። ኧረ በአላህ አውርድልኝ፣ አብረን ነው ብያት ነው ብዬ ብለምነው፣ ትለምደዋለች፣ ማሽኑ ከተነሳ ደግሞ ተራው ሳይሞላ አይቆምም አለኝ። ልጄ አላለቀሰችም። የእሷ ዓይነት ፈሪ አያለቅስም፤ ባለቅስ ማን ይመጣልኛል የምትል ልጅ ናት። አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ እያየችኝ ሄደች፣ ሄደች፣ ከትኬት ቤታችሁ ጀርባ ገብታ ጠፋችብኝ። ያን ፊት አላህ ለጠላቴም አያሳየው።

ስለዚህ ሮጥኩ። ምን ላድርግ? አባያዬን ሰብስቤ፣ አጥሩን ይዤ፣ አለሁ ጠይባ፣ አለሁ የእኔ እናት እያልኩ ከፈረሱ እኩል ዞርኩ። የትኬት ቤቱ ጀርባ ላይ ግድግዳው ስለሚከልለን እዚያ ላይ አንተያይም፤ እሷ ከወዲያ ብቅ ስትል ቀድሜ እንድገኝ ከጀርባው ያለውን የለስላሳ ሣጥን ሁሉ እየዘለልኩ ሮጥኩ። ጥበቃዎ ከኋላዬ ቁሚ ሴትዮ እያለ ተከተለኝ፤ ምስኪን፣ ቦርጩ አላስሮጠው ብሎ መሃል ላይ ቀረ። ሰዉ ይስቃል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ፈረሱ ይዞራል። ተራው በሞላ ጊዜ ጠይባ ወርዳ ጣቴን ያዘችና መካነ ሰላም እስክንገባ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ መጣች። እኔ ሻሼን ፊቴ ላይ ስቤ አለቀስኩ። ነገ ትመጣለች ሲሏት ከኖሩት ሰዎች እኔም አንዷ ሆንኩ፣ አለቀልኝ አልኩ።

አምስተኛውና ይህ ደብዳቤ በአደባባይ የተጻፈበት ምክንያት እነሆ። በሳምንቱ የጎረቤታችን ልጅ ፊርደውስ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። ለካ ማዕከልዎ ከፎቅ ላይ ሲቀርፀኝ ኖሯል! ሙዚቃ ተጨምሮበት፣ ሩጫዬ እንዲፈጥን ተደርጎ፣ ከሥሩ «ከልጅቷ ይልቅ የፈራችው እናትየዋ ናት» ተብሎ በገጽዎ ላይ ተለጥፏል። ሳልጠየቅ ተዋናይ ስላደረጉኝ ውለታዎን መክፈያ የለኝም። ከአጅባርም ከደጎሎም ዘመድ ደወለ፤ ጅዳ ያሉ ጓደኞቼ ሳይቀሩ እየሳቁ ደወሉ። ገበያ ስወጣ፣ መንገድ ልቀቁ ሯጯ መጣች ይሉኛል። አይተው ያልሳቁት ሼህ አብዱራህማን ብቻ ናቸው፤ ሀጀራ ለልጇ ብትሮጥ ምን ያስቃል፣ ሐጅ የሄደ ሰው ሁሉ የሚሮጠው የእስማኤል እናት ሀጀራ ለልጇ የሮጠችውን ሩጫ አይደለም እንዴ ብለው ስልኩን ለፊርደውስ መለሱላት።

እኔ ግን አሳፍሮኛል፤ አልዋሽዎትም። አጥፉልኝ፣ ካላጠፋችሁ ከሳሽ ነኝ ብዬ ልጽፍልዎ ወረቀት ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለሁ ጠይባ መጣችና ስልኩን ከፊርደውስ እጅ ወሰደች። አየችው። ደግማ አየችው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው እዚያ ቪዲዮ ላይ ምንም የተሸሸገ ነገር የለም፤ ከግድግዳው ወዲህ ፈረሱ፣ ከግድግዳው ወዲያ እኔ፣ ከለስላሳ ሣጥኑ ጋር ስጋጭ፣ ወድቄ ስነሳ፣ ስሮጥ። እሱ ላይ ስትደርስ በጣቷ አቁማው ወደ እኔ ዞረችና፣ ሳላይሽም ትሮጪ ነበር እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

አዎ አልኳት። ሳታዪኝም እሮጥ ነበር አልኳት። ይህንን እርግጠኛ ሆኜ ነው የመለስኩላት፤ ያሰብኩትም ስለዚያ ስለ ደሴው ሩጫ ብቻ አልነበረም። እሷ ምን እንዳሰበች አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ገበያ ልወጣ ስል ግን እንደ ወትሮዋ በሩን ሳታይ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ፣ እማ ከረሜላ አምጪልኝ አለች። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔ የሄድኩበትን ረስቼ ጨው ሳልገዛ ከረሜላ ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ቪዲዮውን አያጥፉት። የምለምንዎ ሌላ ነው። ማሽኑን የሚያስነሳ ቁልፍ ካለዎት የሚያቆምም ይኖርዎታልና ልጅ ስትደነግጥ እሱን ይጫኑልን። ፈሪ ልጅ ያላት እናት ስትደውልልዎ ደግሞ እውነቱን ይንገሯት፤ ያስፈራል ካሉን ተዘጋጅተን እንመጣለን፣ አብራችሁ አትሳፈሩም ካሉን እቤታችን በቅሎ አለን።

ፈረሶችዎ መሽከርከር ሳያዞራቸው፣ ድምፅ ማጉያዎ ሳይሰነጠቅ፣ የጥበቃዎም ትንፋሽ በሙሉ ተመልሶለት ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉን እየተመኘሁ፣ ለሁለት ከፍላ በእግሯ ከዞረችው አክባሪዎ፣

ሀጀራ ሙሐመድአሚን
መካነ ሰላም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቪዲዮው ሥር ያስጻፉትን ዓረፍተ ነገር ዘመዶቼ እንዲያስወግዱት ጠይቂ ብለውኛል። እኔ ግን እለምንዎታለሁ፣ አይንኩት። ከልጅቷ ይልቅ የፈራሁት እኔ ነበርኩ፤ ወላሂ ትክክል ነው። በግድግዳ ከለጠፉት፣ በስልክ ካስነገሩትና በበርዎ ካሰሙት ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘሁት እሱን ብቻ ስለሆነ እሱን ይተዉትና የቀረውን ይሰርዙ።