ዘጠኝ ስፒከር፣ አንድ የይለፍ ቃል

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ኮሚቴዎ የሰላም ይሁንልዎ።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጀምረው ለማንም ተናግሬው በማላውቀው ነገር ነው። ባለቤቴ የሞተ ዕለት ሲጠራኝ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼው ግን አልተነሣሁም። ለልጃችንም ለለቀስተኛውም «በእንቅልፉ አረፈ» እያልኩ ስድስት ዓመት የኖርኩት በውሸት ነው። አሁን የምናገረውም ድፍረት አግኝቼ አይደለም። ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ በየደረጃው ባሰቀሏቸው ዘጠኝ ስፒከሮች አማካይነት ሕንፃው ሁሉ ስለሰማው፣ ከእንግዲህ መደበቁ የኮሚቴውን ድካም ዋጋ ማሳጣት ይሆንብኛል ብዬ ነው።

ማንበብ የተማርኩት በአምሳ ዓመቴ፣ ብቻዬን፣ ልጄ በጣለቻቸው ደብተሮች ነው። ዘግይቶ የመጣ ነገር ይጣፍጣልና መጽሐፍ ከያዝኩ ቤቱ ቢፈርስ ቀና አልልም ነበር። የዚያን ዕለት ባለቤቴ መኝታ ቤት ሆኖ፣ ሌላ ከተማ ለምትኖረው ልጃችን በስልኩ የድምፅ መልእክት ይቀርጽላት ነበር። መጀመሪያው ላይ በዓመሏ እየተረባት ይስቃል። ከዚያ ሳቁን ያቋርጥና «አንቺ፣ እስቲ ነይ፤ ደረቴን ያዘኝ» ይላል። ከሳሎን የእኔ ድምፅ ይመልሳል፦ «መጣሁ፤ ይቺን ገጽ ልጨርስ።» ቀጥሎ የሚሰማ ነገር የለም። መልእክቱን ለልጄ አልላክሁላትም፤ አላጠፋሁትምም፤ ወደ ራሴ ስልክ አዛውሬ አኖርኩት። ከእሱ የቀረኝ ድምፅ ይኸው ብቻ ነው።

ጆሮዬ ስለደከመ የስልኩ ድምፅ አይበቃኝም። ልጄ በዋይፋይ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ትንሽ ስፒከር ገዝታልኛለች፤ በእሷ ነው የማዳምጠው። ሐሙስ ዕለት የሆነውን ለመረዳት እንዲያመች ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ስም አወጣጡ አመሰግናለሁ። የኮሚቴው ስፒከሮችና የእኔዋ ሚጢጢ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ስለሆኑ ስልኬ ላይ ሁሉም «ስፒከር» ተብለው ይታያሉ። ለእያንዳንዱ የራሱን ስም መስጠት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሆኖም ከተጣበበው የኮሚቴ ጊዜ ላይ ዘጠኝ ደቂቃ መጠየቅ ድፍረት መሆኑን እረዳለሁ። እኔም ሐሙስ ዕለት የእኔዋ መስላኝ የመጀመሪያዋን «ስፒከር» ነካሁ፤ ለካ አንዷ ስትናገር ስምንቱም እንዲከተሏት ተያይዘው ኖሯል።

2. የእኛን ስልኮችና የደረጃውን ስፒከሮች በአንድ ዋይፋይ ላይ ስላዋላችሁልን ባለውለታዎቻችን ናችሁ። ለስፒከሮቹ ለብቻቸው መስመር ቢከፈትላቸው ኖሮ የእኔ ስልክ ደርሶ ሊያገኛቸው አይችልም ነበር። የይለፍ ቃሉም ከአንድ እስከ ስምንት በተራ የተጻፈ ቁጥር በመሆኑ ለአረጋዊ አይከብድም፤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ስለተለጠፈም አላፊ አግዳሚው እንኳ አልተጎዳም።

3. ስፒከሮቹን የተከሉት የኮሚቴው ጸሐፊ አማች መመሪያውን ከነካርቶኑ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ስለጣሉልኝ የማነበው አላጣሁም። ገጽ አራት ላይ ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል ከሁሉ አስቀድሞ ይቀየር ይላል፤ ካልተቀየረ ማንም ሰው ገብቶ ያሻውን ማሰማት ይችላልና። አልተቀየረም። የእኔዋም የይለፍ ቃል ያው የፋብሪካው ስለሆነና ስልኬ ስለሚያውቀው፣ ስፒከሮቹ ማን ነሽ ሳይሉ ተቀበሉኝ። እንዲህ ያለ መስተንግዶ በኮሚቴው ቢሮ እንኳ ገጥሞኝ አያውቅም።

4. ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ቅዳሜ በሬ ሥር ለተገፋልኝ ደብዳቤ ነው። «ያለ ፈቃድ ድምፅ በማሰራጨት ነዋሪን አውከዋል» ይላል። እስከ ሰኞ ስልኬን ይዤ እንድቀርብና የጸሐፊው አማች «የችግሩን ምንጭ» እንዲያጠፉልኝ፣ አለዚያ ከዋይፋዩ እንደምቆረጥ ያሳስባል። ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ የሄደ ሰው የገባውን ሲገሥጽ ማየት ያስተምራል። «ምንጭ» የተባለው የባለቤቴ ድምፅ ነው። በሕይወት ሳለ የደረጃውን አምፖል በየጊዜው የሚቀይረው እሱ ነበር፤ የችግር ምንጭ መሆኑን ያወቅሁት ከኮሚቴው ነው።

የተከበሩ ጸሐፊም ዓርብ ጠዋት ደረጃ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እማማ፣ ገጹ አለቀ ወይ?» ብለው በትሕትና ጠይቀውኛል። ከቆሙት ሁለቱ ሳቁ፤ ሌላው ጫማውን ያይ ጀመር። ያን ጊዜ መልስ ስላልሰጠሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ አሁን እመልሳለሁ፦ አልቋል። ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር የቀረኝ።

በዚያው ቀን የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስትወጣ፣ እናቷ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችላት ጊዜ የልብስ ስፌት ማሽኑን ሳታቆም እንዳነጋገረቻት ነገረችኝ። ኮሚቴው ይህንንም በሁከት ይመዝግበው እንደሆነ አላውቅም።

ስለዚህ ስልኬን ይዤ እንደማልቀርብና ድምፁን እንደማላስጠፋ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

በሮቻችንን ሁሉ ከፍቶ ለሚጠብቀን ኮሚቴ ረጅም ዘመን እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ የአምፖል ቀያሪው ባለቤት

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት፣ ልብስ ሰፊዋ ባለችበት፣ በገጽ አራት መሠረት የዘጠኙንም ስፒከሮች የይለፍ ቃል ቀይሬያለሁ። አዲሱን በነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አስረክባለሁ። ሰሌዳ ላይ አልለጥፈውም። የጸሐፊው አማች መመሪያውን ማንበብ ከፈለጉ በውሰት እሰጣቸዋለሁ፤ የሚከብዳቸው ቃል ካለም አብረን እናነበዋለን።

ግልባጭ፦
ለሕንፃው ነዋሪዎች በሙሉ፣
ለሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ፣
ለልጄ፤ አባቷ ከቀረጸላት መልእክት ጋር፣ ሳይቆረጥ።