ከሥዕሌ ሥር የተጻፈው ስም

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

እናቴና አክስቶቼ አገራችን ቡሌ ውስጥ እንሰት ሲፍቁ የሣልኩት ሥዕል ለነገው ዐውደ ርእይ የምማርበት የጥበብ ማእከል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ የተጻፈው ግን የአስተማሪዬ ስም ነው። ስጠይቀው ሳቀ። «ብሩሽ አያያዝ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም? ደግሞ ስም ይበላል እንዴ?» አለኝ። በሰው ፊት ካጋለጥኩት ከክፍሉ ያስወጣኛል፤ ዲላ ላይ ሌላ የሥዕል ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ አላውቅም።

ለእናቴ ደወልኩላት። «ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አይጠጋም። ታዲያ እሱ የት ቆሞ አየን? ጠይቂው እንጂ» አለችኝ።

ነገ ከተመልካቹ ጋር ሲወያይ እጄን አውጥቼ ይህንኑ እጠይቀዋለሁ። በሬን ዘግቼ ሦስት ጊዜ ተለማመድኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ይንቀጥቀጥ፣ እጠይቀዋለሁ።