«አጥፍተው ያብሩት» የተባልኩበት መስመር

ለቤት ኢንተርኔት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ ግንቦት 14

ጉዳዩ፦ የቤቴ መስመር እስከ ቅዳሜ እንዲጠገንና ሳይቆራረጥ እንዲቆይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትምህርቴም ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የዋይፋዩን ነገር ብሳሳት ይታገሡኝ፤ የእህቴን ነገር ግን አልሳሳትም።

1. ታናሽ እህቴ ከተወለደች ጀምሮ መስማት የተሳናት ናት፤ ፊደልም አልቆጠረች። በሁለት አውቶቡስ ርቀት ብቻዋን ትኖራለች። የምንነጋገረው በቪዲዮ ነው፣ ልጆች ሳለን በፈጠርነው ምልክት፤ ከእኔ ሌላ የሚገባው ሰው የለም። ሐሜት ስትጀምርማ እጇ አይያዝም።

2. ከሁለት ወር ወዲህ መስመሩ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይጠፋል። የስልኬ ኔትወርክ ደግሞ ምስል አይችልም። በቀደም እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ልትነግረኝ ስትል ምስሉ ደርቆ ቀረ። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሮጥኩ። ስደርስ «ቃር ነው፣ ምን አሯሯጠሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሐኪም ሲያያት የሐሞት ጠጠር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ስፌት ሳልሰፋ ተነሥቼ የዋይፋዩን መብራት አያለሁ።

3. ለቅሬታ ተቀባዮቻችሁ አሥራ አንድ ጊዜ ደውያለሁ። «እናቴ፣ አጥፍተው ያብሩት» ይሉኛል። አጠፋለሁ፣ አበራለሁ፣ ይመጣል። «መጣ አይደል?» «መጣ።» በዚችው ቃሌ አቤቱታዬ ይዘጋል። ከሰዓት ይጠፋል። ኋላማ ሳይጠፋም፣ ይበርታ ብዬ፣ በየጠዋቱ አጠፋው ጀመር።

4. ዓርብ ዕለት ለጎረቤት ሥራ የመጣው ባለሙያችሁ፣ ባለመሰላሉ የምለው፣ ጉዱን ነገረኝ። ጣቢያችሁ ያለው ማሽን የየቤቱን መስመር ይጠብቃል አሉ፤ ቶሎ ቶሎ ሲቋረጥ ካየ «ይሄ ደካማ ነው» ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኔ ላጥፋው ራሱ ይጥፋ አይለይም። «እትዬ፣ በገዛ መስመርሽ ላይ የመሰከርሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ሳቅኩም፣ ተቃጠልኩም። ከዚያ ደረጃው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተ፤ የሽቦው መገጣጠሚያ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ዋናው በሽታ እሱ ነው። ግን አቤቱታው ተዘግቷልና መቀየሪያ ዕቃ አይሰጡኝም ብሎ በእጁ ጠምዝዞት ሄደ።

ስለዚህ መገጣጠሚያው እንዲቀየር፣ ፍጥነቱ እንዲመለስ፣ አቤቱታዬም መስመሩ ሳምንት ሙሉ ሳይጠፋ እስኪቆይ ክፍት እንዲሆን በትሕትና እለምናለሁ።

እህቴ ሐሙስ ቀዶ ጥገና አላት፤ ቅዳሜ ቤቷ ትገባለች። እኔ ጋ ነይ ብላት «የስፌት መኪናሽ ወለሉን እያንቀጠቀጠ አያስተኛኝም» አለች። እኔም ሄጄ እንዳልሰነብት አልጋ ላይ የዋሉ አማቴን የማስታምም ነኝ። ሐኪሙ ቁስሉ ካበጠ ወይም ካተኮሳት ወዲያው ይነገረኝ ብሏል። እሷ ጮኻ ጎረቤት አትጠራም። የምትነግረው ለእኔ ነው፣ በእጇ፣ ያውም ካየኋት።

እስከዚያ ዋይፋዩን አልነካውም። ቢጠፋም እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ፤ ከቅዳሜ ወዲያ ግን አልችልም።

ከአክብሮትና ከእናትነት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊዋ፣ ሦስተኛ ፎቅ