ያልሮጥኩት ሩጫ

ከቤልሞር መንደር፣ ቶቤጎ
ሰኞ ከሰዓት፣ ፋሲካ ካለፈ ሦስተኛው ሳምንት

ለናፈቅከኝ አባቴ፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ያው የእንግዳ ማረፊያውን አንሶላ ስታጥብ ነው የምትውለው። ያንተ ስም የተነሳ ቀን አንሶላውን ጠበቅ አድርጋ ትጨምቀዋለች። እኔ በጣም ረዝሜያለሁ። አሁን መንገድ ላይ ብታየኝ «የማን ልጅ ነሽ?» ትለኝ ይሆናል። ቀልዴን ነው።

አባዬ፣ ቅዳሜ አንተ ወዳለህበት ፖርት ኦፍ ስፔን አልመጣም። ልመጣ እንደነበርም አታውቅም፤ አልነገርኩህማ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ትምህርት አቁሜያለሁ። ቆይ፣ አትቆጣ። ዳይሬክተራችን ሚስተር ባይኖ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «አንቺም እንዳባትሽ ጀምረሽ የምትተዪ ነሽ» አለኝ። ዳስተሩን አነሳሁና ወረወርኩበት። አልመታሁትም፤ መወርወር ላይ ደካማ ነኝ፣ እኔ ጎበዝ የሆንኩት መምታት ላይ ነው። እሱም ከክፍል አስወጣኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለስኩም። አሁን እትዬ ኢዝሊን ጋ ዓሣ አጥባለሁ። ታውቃታለህ፣ ገበያው ጫፍ ላይ የምትሸጠዋ፣ ድምፅዋ እስከ ባሕሩ የሚሰማው። የመንደራችን የሴቶች ክሪኬት ቡድን አለቃም እሷ ናት፤ እኔ ደግሞ ኳስ መቺ ነኝ።

ዘንድሮ የቶቤጎን መንደሮች ያሸነፈ ቡድን አርብ በመርከብ ወደ ፖርት ኦፍ ስፔን ይሻገርና ቅዳሜ ጠዋት ከወደቡ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ይጫወታል ተባለ። አንተ ከምትሠራበት የወደቡ በር ሜዳው ይታያል አሉ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍም አልነበረኝ። ብቻዬን መርከብ ተሳፍሬ መምጣት አቅቶኝ እኮ አይደለም። ግን እንዲሁ ብመጣ ሰው «አባቷን ፍለጋ ሄደች» ይላል። ከቡድኑ ጋር ከሆነ ለጨዋታ ነው የመጣሁት፤ አንተን ያገኘሁህ በአጋጣሚ ነው። የምልህንም ተለማምጄው ነበር። ሳልሮጥ፣ ሳላለቅስ፣ ዝም ብዬ «እንዴ አባዬ፣ አንተም እዚህ ነህ?» ልልህ ነበር።

እና ትናንት የመጨረሻው ጨዋታ ነበር፣ ከሳንዲ ጋሊ ሴቶች ጋር። የምንመታው አንድ ኳስ ቀረ፣ ለማሸነፍ ሦስት ነጥብ እንፈልጋለን። መምቻውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ያለችው እትዬ ኢዝሊን ናት። ኳሷን በሁለት ሴቶች መሀል ላኳትና ጫፍ ለጫፍ ልንቀያየር መሮጥ ጀመርን፤ አንድ መቀያየር አንድ ነጥብ። እትዬ ኢዝሊን ስታልፈኝ ትንፋሿ እንደ አሮጌ የጀልባ ሞተር ነው። ልደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ አንዷ ኳሷን አንስታ ሳልደርስ ልታስወጣኝ ጫፉ ላይ ወደተተከሉት እንጨቶች ወረወረች። ኳሷ እንጨቶቹን ስታ ጀርባዬን አገኘችኝ። ከጀርባዬ ነጥራ ሄደችና ሳር የዋጠው ቦይ ውስጥ ገባች። አጠገቡ ሰው የሚባል የለም። አንዷን ነጥብ ጨርሰናል። የቀሩትን ሁለቱን በእግር እየተራመድንም እንጨርሳቸው ነበር።

አንተ ታውቀዋለህ፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በሕጉ መሮጥ ይቻላል። ግን ኳስ ሰውነትህን ነክታ ከሄደች አይሮጥም። ወርዋሪዋ ምንም አላጠፋችም፤ ዕድሏ ነው የጠመመባት። እሷ ላይ መሮጥ ነውር ነው። ቶቤጎ ውስጥ ማንም አይሮጥም።

እትዬ ኢዝሊን ግን ግማሽ መንገድ መጥታለች።

«ሩጪ! አንቺ ልጅ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ?»

እጄን አንስቼ ተመለሺ አልኳት።

«እግርሽ ተሰበረ?»

«አልተሰበረም።»

«ታዲያ ሩጪያ!»

«አልሮጥም።»

ተሸነፍን።

ሜዳው ላይ ያለው ሰው አጨበጨበልኝ፣ የኛም የነሱም። ሚስተር ባይኖ ራሱ ከመቀመጫው ተነስቶ መጥቶ እጄን ጨበጠ። «እኔ ላስተምርሽ ያልቻልኩትን ከየት ተማርሽው?» አለኝ። «ከውጪ ነዋ፣ ያወጣኸኝ ቦታ» አልኩት። ሰዉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል እትዬ ኢዝሊን መጥታ መምቻውን ከእጄ ወሰደች። አልጮኸችም። እሷ ሳትጮህ ስትናገር ሰምተሃት ታውቃለህ? እኔ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሻንጣዬን ከሐሙስ ጀምሬ አስሬ ተቀምጫለሁ» አለች። «እዚያ ያለችውን የልጅ ልጄን ገና አላየኋትም። አንቺ ጨዋ እንድትባይ እኔ ምን በድዬሽ ነው?»

አባዬ፣ ለእሷ ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ።

ሰው ሁሉ ያጨበጨበልኝ ላላደረግኩት ነገር ነው። ኳሷ ጀርባዬን ስትመታኝ ስለ ነውር አላሰብኩም። እሱን ያሰብኩት ቆሜ ከቀረሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ያ የወደቡ በር ነው። ካሸነፍን ቅዳሜ ሜዳው ላይ ቆሜ ያን በር ሳይ እውላለሁ። ጠዋት አየዋለሁ፣ ምሳ ሰዓት አየዋለሁ። አንተ ካልወጣህስ? ከመርከቡ ሠራተኞች አንዱ ባለፈው ዓመት ትንሽ ልጅ ትከሻህ ላይ አስቀምጠህ ገበያ ውስጥ ስትሄድ ማየቱን ነግሮን ነበር። የጓደኛህ ልጅ ትሆናለች። እማዬንም እንደዚያ ብያታለሁ። ብቻ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣና እግሬ እንቢ አለ። ካልመጣሁ አልወጣም ማለት አትችልም፣ አየህ? ካልመጣሁ ገና ትወጣለህ።

ዛሬ ጠዋት አቪዮን ወደ ዓሣው ቦታ መጣች። የሳንዲ ጋሊ አለቃ ናት፣ እኛን ያሸነፈችን። አንድ ከረጢት ሸርጣን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እኔ ብሆን የምሮጥ ይመስለኛል፣ እውነቱን ልንገርሽ። ምን ላድርግልሽ?» አለችኝ። ነጥብ የሚመዘግብላችሁ ሰው አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የሚመዘግብላቸው ልጅ ከሰባት በላይ ሲሆን ይምታታበታል አለች። እትዬ ኢዝሊንን ውሰጂያት፣ ዓሣ ስትመዝን አንድ ግራም ስታ አታውቅም አልኳት። እሺ አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝና መርከቡ ላይ አንድ ቦታ አለ፣ አንቺም ነይ አለችኝ።

«ዓሣውን ማን ይሸጣል?» አልኳት።

እትዬ ኢዝሊን ቢላዋዋን እየሳለች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ከትናንት ጀምሮ አኩርፋኝ ነበርና አሁን ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ «ለአባትሽ ደብዳቤ ካለሽ ጻፊ፣ አደርስልሻለሁ» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች አትጠይቀኝ።

ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ አርብ የበሩ ዘበኛ ጋ ትተውልሃለች። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሜዳው ዳር ጠረጴዛ ይዛ ትቀመጣለች። ብትመጣ ከሩቅ ታውቅሃለች። ሰላም በላት፣ ትንሽ ቁጭ በል፣ ሌላ ምንም ማድረግ የለብህም። እኔ ባልኖርም መምጣትህ ይበቃኛል።

«ካልመጣ ግን እንዳትነግሪኝ» ብያታለሁ። «ዝም ካልኩሽ ያው ነገርኩሽ አይደል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ትንሽ አሰብኩና «እንግዲያው ቢመጣም ባይመጣም መጣ በይኝ» አልኳት። «ትናንት ለሁለት ነጥብ ያልዋሸሽ ልጅ!» ብላ አጉረመረመች፣ ግን እሺ አለች።

እና አባዬ፣ እትዬ ኢዝሊን እሑድ ስትመለስ «ቅዳሜ መጣ» ብላ ትነግረኛለች። ምን እንደለበስክ፣ ከስተህ ይሁን ወፍረህ፣ ዳኛው ላይ እንደጮህክ ሁሉ እጠይቃታለሁ። ሁሉንም አምናታለሁ። እውነቱን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

የምትሸከመው ሁሉ ይቅለልህ። ጀርባህን ብርድ አያግኘው፣ ባሕሩም ባንተ በኩል ሲሆን ዝም ይበል። እማዬ ሰላም አላለችህም፣ ግን እየጻፍኩ እንደሆነ አይታ መብራቱን አስጠግታልኛለች።

የምትወድህ ልጅህ
ኬዝያ